ደረሳ፣ ወቅፍና የምርምር መቀመጫ፦ ዕውቀት ፈላጊን የመደጎም ታሪክና ለዛሬ ያለው ትምህርት

መግቢያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወጣት ምክር ፍለጋ ወደ እኔ መጣ። በወሎ መንደሮች ከሸይኽ ወደ ሸይኽ እየተዘዋወረ ዘጠኝ ዓመት ያህል የቀራ ደረሳ ነበር። ነህውና ሶርፍ ጨርሷል፤ የሻፊዒይ መዝሀብ ፊቅህን እስከ ሚንሃጅ ድረስ ዘልቋል፤ በቅጠላ ቅጠል ቀለም የተጻፈን አሮጌ የዐረብኛ ጽሑፍ እኛ የታተመ መጽሐፍ እንደምናነብ ያነባል። ኋላም በዩኒቨርሲቲ ተምሮ በታሪክ የማስተርስ ዲግሪ ይዟል። በዚያ ሰሞን አንድ የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲ በአፍሪካ ቀንድ የእስልምና ጽሑፎች ላይ ለሚሠራ ተማሪ ሙሉ ወጪው የተሸፈነ የዶክትሬት መቀመጫ አውጥቶ ነበርና ወጣቱ ሁለት ጥያቄዎች ይዞ ቀረበ። የመጀመሪያው፣ «ይህን ገንዘብ በልቼ ዒልም መፈለግ ይፈቀድልኛል ወይ?» የሚል ነው። ሁለተኛው፣ «ከሸይኾቼ ዘንድ የቀራሁትን በምን አስረዳለሁ?» የሚል ነው።

ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ አላጣንም። ሁለተኛው ግን አሸነፈን። ካቀሩት ሸይኾች ሁለቱ ወደ አኼራ ሄደዋል፤ ሦስተኛው በሕይወት ቢኖሩም ለደረሶቻቸው በጽሑፍ ምንም ሰጥተው አያውቁም። ማመልከቻው የዩኒቨርሲቲውን ዲግሪ ብቻ ይዞ ሄደ፤ ዘጠኙ ዓመት በአንድ መስመር፣ ያለ ማስረጃ ተጠቀሰ። መልሱ «አልተሳካም» የሚል ሆነ። ማስረጃው ቢኖር ኖሮ ቦታውን ያገኝ ነበር ማለት አልችልም። ሊያሳይ የሚገባውን ሳያሳይ መቅረቱን ግን በዓይኔ አይቻለሁ።

ይህ ጽሑፍ የሁለቱን ጥያቄዎች ሥር በታሪክ ውስጥ ይፈልጋል። የሚከራከርበት ነጥብም ግልጽ ነው፤ ዕውቀት ፈላጊን ቀለብና ደመወዝ ቆርጦ፣ ቁጥርና ሸርጥ ወስኖ ማስተማር ከውጭ የመጣብን እንግዳ ነገር አይደለም። ዑለማዎቻችን ለብዙ መቶ ዓመታት የኖሩበት፣ ጥቅሙንም አደጋውንም አጥርተው የጻፉበት ሥርዓት ነው። እንግዳ የሆንነው እኛ ነን።

ከሱፋ እስከ ኒዟሚያ

የጉዳዩ መነሻ በመዲና ነው። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስጊድ ጥላ ሥር የሚኖሩት የሱፋ ሰዎች ቤትም ንብረትም አልነበራቸውም፤ ሙስሊሙ ኅብረተሰብ ካለው እያካፈለ ይመግባቸው ነበር። አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) ከእነርሱ አንዱ እንደነበሩ ይታወቃል። ብዙ ሐዲስ ያስተላለፉት እኒህ ሶሓቢይ ሌሎቹ በገበያና በእርሻ ተይዘው ሳለ ከነቢዩ ሳይለዩ ለመቆየት የቻሉት፣ ረሃቡን ችለው፣ በተገኘው ቀለብ ረክተው ነው። ከዚህ የምንረዳው፣ ጊዜውን ለዒልም የሚሰጥ ሰው ቀለቡን ከሌላ ማግኘት እንዳለበት ነው።

በቀጣዮቹ ዘመናት ትምህርቱ በመስጊድ ጥግ፣ በመምህሩ ዙሪያ ይካሄድ ነበር። ተማሪው የሚኖረው በራሱ ንግድ፣ በቤተሰቡ ወይም በመምህሩ ቸርነት ነው። ይህን የለወጠው የመድረሳ መስፋፋት ነው። የሰልጁቆች ሚኒስትር የነበረው ኒዟሙል ሙልክ በ459 ዓ.ሂ. (1067 እ.ኤ.አ.) በባግዳድ የከፈተው ኒዟሚያ የመጀመሪያው መድረሳ ባይሆንም፣ ለመምህሩ ደመወዝ፣ ለተማሪው መኖሪያና ቀለብ በቋሚ ወቅፍ መመደብን በሰፊው ያስለመደው እርሱ ነው።

ተቃውሞም ወዲያው ተነሣ። መድረሳው ለታላቁ የሻፊዒይ ዓሊም ለአቡ ኢስሓቅ አሽ-ሺራዚ ታስቦ ተሠርቶ በመክፈቻው ዕለት እርሳቸው ቀሩ። ምክንያታቸው ሕንፃው የቆመበት ንብረት ያለ አግባብ ተወስዶ ሊሆን ይችላል የሚል ጥርጣሬ ነበር። ኢብኑ ሶባግ በምትካቸው ለሃያ ቀናት ያህል አስተማሩ፤ ከዚያ በኋላ ሺራዚ ተለምነው ገቡ። በማዕከላዊ እስያ ያሉ ዑለማዎችም የኒዟሚያን ዜና ሲሰሙ ለዕውቀት ሐዘን ተቀመጡ ይባላል፤ ከእንግዲህ ወዲያ ዒልምን ለዒልምነቱ ሳይሆን ለደመወዙ የሚፈልግ ይበዛል ብለው ስለ ሰጉ ነው።

ስጋቱ ከንቱ አልነበረም። ኢማሙል ገዛሊ ራሳቸው ምስክር ናቸው። ወላጅ አልባ ሆነው በልጅነታቸው ወደ መድረሳ የገቡት የአደራ ጠባቂያቸው ገንዘብ ሲያልቅ ቀለብ ለማግኘት ነበር። በ484 ዓ.ሂ. የባግዳድ ኒዟሚያ መምህር ሆኑ፤ በ488 ዓ.ሂ. (1095 እ.ኤ.አ.) ግን ኒያቸውን መርምረው፣ ለዝናና ለማዕረግ ማስተማራቸውን አይተው ወንበሩን ትተው ወጡ። በኻሊል ከተማም ከገዢዎች ገንዘብ ላለመውሰድ ቃል ገቡ። ታሪካቸው ግን በዚህ አያበቃም፤ በ499 ዓ.ሂ. ወደ ኒሳቡር ኒዟሚያ ተመልሰው አስተምረዋል። ከዚህ የምንወስደው ትምህርት «ደመወዝ ሐራም ነው» የሚል ፍርድ አይደለም። በእንጀራ የተጀመረ ትምህርት ወደ ኢኽላስ ሊያደርስ እንደሚችል፣ ከፍተኛ ወንበርም ኒያን ሊያበላሽ እንደሚችል ነው።

የሥርዓቱን ስፋት ለመገመት ሌላውን የባግዳድ መድረሳ፣ ሙስተንሲሪያን ማየት ይበቃል። በ631 ዓ.ሂ. (1234 እ.ኤ.አ.) ሲከፈት ለአራቱም መዝሀቦች ለእያንዳንዳቸው 62፣ በጠቅላላው 248 የፊቅህ ተማሪዎች ተመድበውለታል። ለተማሪው በየዕለቱ ዳቦና የበሰለ ምግብ፣ በየወሩም የገንዘብ ድርሻ ነበረው። ከመምህሩ በታች ሙዒድ የሚባል ረዳት አለ፤ ሥራውም መምህሩ ያቀራውን ለተማሪዎች መድገምና ማብራራት ነው። ቁጥሩ የታወቀ፣ ደረጃው የተለየ፣ ቀለቡ የተቆረጠ ቦታ ማለት ይህ ነው። አንዱ ቦታ ሲለቀቅ ሌላ ፈላጊ ይገባበታል። ዛሬ «የዶክትሬት መቀመጫ» የሚባለውን ነገር የሚያውቅ ሰው በዚህ ሥርዓት ውስጥ ቢገባ አይደናገርም።

የኢማም ነወዊ ቁራሽ

ሙስተንሲሪያ በተከፈተበት በዚያው በ631 ዓ.ሂ. በሶሪያ ነዋ በምትባል መንደር አንድ ልጅ ተወለደ። አርበዒንን፣ ሪያዱ ሷሊሒንንና ሚንሃጅን የጻፉልን ኢማም ነወዊ ናቸው። በ649 ዓ.ሂ. ወደ ደማስቆ መጥተው በረዋሒያ መድረሳ ተቀመጡ። ደቀ መዝሙራቸው ኢብኑል ዐጣር እንደ ዘገቡት በዚያ ዘመን የሚበሉት የመድረሳውን የዕለት ቀለብ ብቻ ነበር።

እኒሁ ሰው ግን የደማስቆን ፍሬ አይበሉም ነበር። ለምን እንደሆነ ሲጠየቁ፣ ከከተማዪቱ አትክልት ብዙው የወቅፍና የየቲሞች ንብረት መሆኑን፣ የሚተዳደርበትም መንገድ ለጥርጣሬ የተጋለጠ መሆኑን ጠቅሰዋል። በ665 ዓ.ሂ. የአሽረፊያ የሐዲስ ትምህርት ቤት ኃላፊ በሆኑ ጊዜም ከደመወዙ ለግላቸው እንዳልወሰዱ ይነገርላቸዋል።

በእነዚህ ሁለት ነገሮች መካከል ተቃርኖ ያለ ይመስላል። አንዱን ወቅፍ በልተው ሌላውን መተዋቸው እንዴት ነው? መልሱ በሸርጥ ላይ ነው። የረዋሒያ ቀለብ ለተማሪ የተወቀፈ ነበር፤ እርሳቸውም ተማሪ ነበሩ፤ ሌት ተቀን በመቅራት ሸርጡን ፈጽመዋል። ፍሬው ግን ለማን እንደተወቀፈና በምን መንገድ ወደ ገበያ እንደወጣ አይታወቅም። ስለዚህ ጥያቄያቸው «የማን ገንዘብ ነው?» በሚለው አልቆመም፤ «ለምን ተሰጠ? የተሰጠበትን እፈጽማለሁ ወይ?» የሚለውንም ጨመረ።

ፉቀሃዎች ይህን በአንድ ታዋቂ ደንብ አጠቃልለውታል፤ የዋቂፉ ሸርጥ እንደ ሸሪዓ ባለቤት ቃል ነው ይላሉ። ኢብኑ ተይሚያ ይህን ሲያብራሩ ንጽጽሩ ሸርጡን በመረዳት ረገድ እንደሆነ፣ ሸሪዓን የሚጻረር ሸርጥ ግን ተፈጻሚነት እንደሌለው ገልጸዋል። ስለ ሌላ ሰው ሐጅ የሚያደርግን ሰው በተመለከተም፣ ለዲኑ ብሎ ገንዘቡን መንገድ የሚያደርገውን ሰው፣ ለገንዘቡ ብሎ ዲኑን መንገድ ከሚያደርገው ለይተዋል። በ733 ዓ.ሂ. የሞቱት ቃዲ በድሩዲን ኢብኑ ጀማዐ ደግሞ ስለ መምህርና ተማሪ አደብ በጻፉት መጽሐፋቸው በመድረሳ ለሚኖር ተማሪ ራሱን የቻለ ምዕራፍ መድበዋል። ተማሪው መሥራቹ ለጥንቃቄ የቀረበውን መድረሳ እንዲመርጥ፣ ሳይገባ በፊት ሸርጡን እንዲያውቅ፣ ከገባም በኋላ እንዲጠብቀው ይመክራሉ። ታጁዲን አስ-ሱብኪም (ሞ. 771 ዓ.ሂ.) ስለ ባለ ሥልጣናት ግዴታ ሲጽፉ፣ የሙዒድነትን ድርሻ እየበላ እንደ ተራ ተማሪ ትምህርቱን ሰምቶ ብቻ የሚሄደውን ወቅሰዋል፤ ሙዒድ ከማድመጥ የበለጠ ጥቅም ለተማሪዎች የመስጠት ግዴታ አለበትና።

ወጣቱ ለጠየቀኝ የመጀመሪያ ጥያቄ መልስ ያገኘሁት ከዚህ ነው። መቀመጫው ለምርምር የተመደበ ከሆነ፣ ሥራው በራሱ የተፈቀደ ከሆነ፣ ከዲኑ የሚያወጣው ወይም እውነትን እንዲደብቅ የሚያስገድደው ሸርጥ ከሌለበት፣ የተሰጠበትን ሥራ በታማኝነት ሲፈጽም መብላቱ አያሳፍረውም። የሚያሳፍረው ደመወዙን እየበላ ሥራውን መተው ነው። ኒያውን ግን ማንም ሊመልስለት አይችልም፤ እንደ ገዛሊ ራሱ ይመርምር።

የጀበርት ሪዋቅ

ይህ ታሪክ የባግዳድና የደማስቆ ብቻ አይደለም፤ የእኛም ሰዎች በውስጡ አሉ። በካይሮ ከታወቁት የሐነፊይ ዓሊሞች መካከል በ743 ዓ.ሂ. የሞቱት ፈኽሩዲን አዝ-ዘይለዒና የሒዳያን ሐዲሶች የመረመሩት ጀማሉዲን አዝ-ዘይለዒ (ሞ. 762 ዓ.ሂ.) ስማቸው የሚጠራው በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ መገናኛ አጠገብ ባለችው በዘይላ ወደብ ነው። በዚያ ዘመን ወደ ካይሮ የሚሄድ ተማሪ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። ኢብኑ ኸልዱን በሙቀዲማቸው እንዳስተዋሉት፣ በግብፅ ወቅፍ ከመብዛቱ የተነሣ ዕውቀት ፈላጊዎች ከዒራቅም ከመግሪብም ወደዚያ ይጎርፉ ነበር። እርሳቸው ምክንያቱንም አልደበቁም፤ የመምሉክ አሚሮች መድረሳ የሚያንጹትና ወቅፍ የሚያበዙት በከፊል ሀብታቸው ከሱልጣኑ ቅሚያ ተርፎ ለልጆቻቸው እንዲደርስ ነበር። የወቃፊዎቹ ዓላማ የተደባለቀ ቢሆንም ተማሪው ዒልሙን አግኝቷል።

በአል-አዝሀር ደግሞ ከየአገሩ የመጡ ተማሪዎች በየሪዋቃቸው ይኖሩ ነበር። ሪዋቅ ማለት ከመስጊዱ ጋር የተያያዘ፣ የአንድ አገር ወይም የአንድ መዝሀብ ተማሪዎች የሚያድሩበትና የሚቀሩበት ክፍል ነው። የራሱ ሸይኽ፣ የራሱ ወቅፍ፣ ለነዋሪዎቹም የሚታደል የዳቦ ቀለብ ነበረው። ከእነዚህ አንዱ ሪዋቁል ጀበርት ነው፤ ከሐበሻ ምድር ለሚመጡ ሙስሊሞች የተለየ ነበር።

ከዚህ ሪዋቅ ጋር ስሙ ለዘላለም የተያያዘው ቤተሰብ የጀበርቲ ቤተሰብ ነው። አያት ቅድመ አያታቸው ሸይኽ ዐብዱረሕማን በዐሥረኛው መቶ ዓመተ ሂጅራ ወደ ግብፅ መጥተው የሪዋቁ ሸይኽ ሆኑ፤ ኃላፊነቱም በዘራቸው ቀጠለ። በ1188 ዓ.ሂ. (1774 እ.ኤ.አ.) የሞቱት ሸይኽ ሐሰን አል-ጀበርቲ በፊቅህ ብቻ ሳይሆን በሒሳብና በሥነ ፈለክም የታወቁ ነበሩ። ልጃቸው ዐብዱረሕማን የናፖሊዮንን ወረራና የሙሐመድ ዐሊን ዘመን በዓይናቸው አይተው «ዐጃኢቡል አሣር» የተባለውን ታላቅ የታሪክ መጽሐፍ ጻፉ። የግብፅን የዚያን ዘመን ታሪክ የሚያጠና ሁሉ ዛሬም እርሱን ሳያገላብጥ አያልፍም።

ታሪኩ ሁለት ትምህርት አለው። አንደኛ፣ ከሩቅ አገር ለሚመጣ ድሃ ተማሪ የተመደበ አንድ ክፍልና አንድ ቁራሽ ዳቦ ከሁለት መቶ ዓመታት በኋላ ምን ፍሬ እንደሚያፈራ ማንም አስቀድሞ ማወቅ አይችልም። ሁለተኛ፣ ኃላፊነቱ በአንድ ዘር መቆየቱ ሪዋቁን አጽንቶታል፤ ነገር ግን በመድረሳዎች በጠቅላላው ቦታ ከአባት ወደ ልጅ መተላለፍ ሲለመድ ችሎታ ያለው ባዕድ በሩ ተዘግቶበት የቀረበት ጊዜ ብዙ ነው። ቦታን በግልጽ ውድድር መስጠት ከዚህ አንጻር ሲታይ ነቀፋ የለበትም።

ሙሐመድ ዐሊ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የወቅፍ መሬቶችን ወደ መንግሥት እጅ ሲያስገባ የመስጊዶችና የዑለማ ገቢ እንደተጎዳ ጀበርቲ በምሬት መዝግበዋል። የወቅፉ ሥር ሲቆረጥ የተማሪው ቁራሽ ይቀንሳል።

በአገራችን፦ ወቅፍ ባይኖርም ቁራሽ ነበረ

በኢትዮጵያ በብዙ የመሃልና የሰሜን አካባቢዎች ሙስሊሞች በነገሥታቱ ዘመን የርስት መብት ስለተነፈጉ፣ እንደ ካይሮ ያለ ሰፊ የመሬት ወቅፍ መመሥረት አልተቻለም። በወሎና በሐረር ሁኔታው የተሻለ ቢሆንም የትምህርቱ ዋና ምሰሶ ኅብረተሰቡ ራሱ ነበር። በጃማ ንጉሥ፣ በዳና፣ በገታና በሌሎችም የወሎ ማእከላት ሸይኹ በነፃ ያቀራሉ፤ ደረሳው ጎጆውን ይቀልሳል፤ በዙሪያው ያለ ገበሬ እንጀራውን፣ ቆሎውን፣ እህሉን ያካፍላል። ደረሳ ያልመገበ ቤት እንደ ቤት አይቆጠርም ነበር ማለት ይቻላል። እኔም ልጅ ሆኜ ከማላውቃቸው እናቶች እጅ እየበላሁ ቀርቻለሁ፤ ስማቸውን አላውቅም፤ ዱዓዬ ግን አይለያቸውም።

ይህ ሥርዓት ሁለት ነገር ይጎድለዋል። አንዱ ጽናት ነው፤ ዝናብ ሲጠፋ የመጀመሪያው ተራቢ ደረሳው ነው። ሌላው ጽሑፍ ነው። በካይሮና በደማስቆ ኢጃዛ ተጽፎ፣ የአስተላላፊዎች ሰንሰለት ተዘርዝሮ፣ ቀንና ፊርማ ኖሮት ይሰጥ ነበር። በእኛ ዘንድም ኢጃዛና ሲልሲላ የሚጽፉ ዓሊሞች ነበሩ፤ አሉም። ይሁንና ብዙውን ጊዜ የደረሳው ማስረጃ የሸይኹ ቃልና የመንደሩ ምስክርነት ነው። ሰዎች እርስ በርስ በሚተዋወቁበት ዓለም ይህ ይበቃል፤ ኮፐንሃገን ወይም ጅዳ ለተቀመጠ ኮሚቴ ግን ምንም አይነግርም።

የ1967 ዓ.ም. አዋጆች የገጠር መሬትንና ትርፍ ቤቶችን የሕዝብ ካደረጉ በኋላ በኪራይና በእርሻ ገቢ መደጎም ይበልጥ ጠበበ። ደረሳው ወደ ከተማ፣ ወደ ዘመናዊ ትምህርትና ወደ ውጭ አገር ማየት የጀመረው ያለ ምክንያት አይደለም።

የዛሬው መቀመጫ ሦስት መልክ

ዛሬ የምናውቀው የምርምር ዶክትሬት የተቀረጸው በ1810 እ.ኤ.አ. ከተከፈተው ከበርሊን ዩኒቨርሲቲ ወዲህ በጀርመን ነው። አሜሪካዊው ዬል የመጀመሪያውን እንዲህ ያለ ዲግሪ በ1861 ሰጠ፤ ኦክስፎርድ በ1917 ተከተለ። ጆርጅ መቅዲሲ በ1981 ባሳተሙት ጥናት የአውሮፓ ኮሌጅና የማስተማር ፈቃድ ከወቅፍ መድረሳና ከኢጃዛ ጋር የጠበቀ ዝምድና እንዳላቸው ተከራክረዋል። ብዙ ተመራማሪዎች ውርሱ በቀጥታ መተላለፉን አይቀበሉም። እኔም ለዚህ ጽሑፍ ውርሱን ማረጋገጥ አያስፈልገኝም፤ የአሠራሩ መመሳሰል ይበቃኛል። ገንዘቡ የሚገኝበት መንገድ በሦስት ይከፈላል።

የመጀመሪያው ተማሪው እንደ ሠራተኛ የሚቀጠርበት ነው። በጀርመን፣ በኔዘርላንድና በስካንዲኔቪያ አገሮች የተለመደ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ዓመት ይቆያል። አንድ መምህር ለጥናት ፕሮጀክት ገንዘብ ያገኛል፤ ከዚያ ቦታውን እንደ ሥራ ማስታወቂያ ያወጣል። ከ2013 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. በአሌሳንድሮ ጎሪ መሪነት በኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ የተካሄደውና የአፍሪካ ቀንድን እስላማዊ ጽሑፎች ያጠናው በአውሮፓ የምርምር ምክር ቤት የተደገፈ ፕሮጀክት የዚህ ዓይነቱን የገንዘብ ምንጭ ያሳያል። ይህ መልክ ቁጥሩና ሥራው አስቀድሞ የተወሰነ የመድረሳ ቦታን ይመስላል። ርእሱን በአብዛኛው የወሰነው ዋቂፉ ነው።

ሁለተኛው ለሰውየው የሚሰጥ ስኮላርሺፕ ነው። የጀርመን የአካዳሚክ ልውውጥ አገልግሎት (ዳአድ)፣ የቱርክ መንግሥት፣ ጅዳ የሚገኘው የእስላማዊ ልማት ባንክና ሌሎችም ይሰጣሉ። ይህ የሪዋቁን ቀለብ ይመስላል፤ ተማሪው ርእሱን ይዞ ይመጣል፤ ተቋሙ ያኖረዋል። ስለዚህ ሁለት በር ማንኳኳት አለበት፤ አንዱ ገንዘብ ሰጪው፣ ሌላው የሚቀበለው ዩኒቨርሲቲና አማካሪ መምህሩ።

ሦስተኛው በአሜሪካ የተለመደው ነው። ተማሪው ወደ ዶክትሬት ፕሮግራሙ ሲገባ የትምህርት ክፍያው ይሰረዝለታል፤ ለኑሮው አበል ይቆረጥለታል፤ በምላሹም ለታችኛው ክፍል ተማሪዎች ትምህርት ያግዛል። ከ5 ዓመት ያላነሰ ይፈጃል። ማመልከቻው የሚገባው ትምህርቱ ከመጀመሩ ከብዙ ወራት አስቀድሞ፣ በአብዛኛው በኅዳርና በታኅሣሥ ግድም ነው። ይህ ያለ ጥርጥር ሙዒዱ ነው፤ ሱብኪ የወቀሱት ነገር እዚህም ይሠራል።

ሸርጡን እንደ ኪታብ ማንበብ

ከዚህ በመነሣት ለደረሶቻችን ልንነግራቸው የሚገባ ምክር አለ። ኢብኑ ጀማዐ እንዳሉት ሳይገቡ በፊት ሸርጡን ማወቅ ያስፈልጋል። ማስታወቂያን ሚንሃጅ እንደሚቀራ ሰው ማንበብ ነው፤ መትኑን፣ ቀይዱን፣ ኢስቲስናውን። «ይገባዋል» የሚለውን «ቢኖረው ይመረጣል» ከሚለው መለየት ነው። የዓመት ገደብ፣ የቋንቋ ደረጃ፣ የዲግሪ ዓይነት፣ የመዝጊያ ቀን እያንዳንዱ ቀይድ ነው። ቀይዱን ያልተመለከተ ማመልከቻ ሳይነበብ ይወድቃል።

ሁለተኛ፣ አማካሪ መምህርን መፈለግ ሸይኽ እንደ መፈለግ ነው። የቀደሙት ወደ ሸይኽ ከመሄዳቸው በፊት ሸይኹ በምን ፈን እንደሚታወቁ ይጠይቁ ነበር። ዛሬም የመምህሩን ሥራዎች አንብቦ፣ ጥያቄን ከሥራቸው ጋር አያይዞ፣ አጭርና ጨዋ ደብዳቤ መጻፍ ይገባል። ለሃምሳ መምህራን የተላከ አንድ ዓይነት ደብዳቤ ለማንም እንዳልተላከ ይቆጠራል።

ሦስተኛ፣ የምርምር ሐሳቡ አንድ ጥያቄ ይኑረው። «እስልምና በኢትዮጵያ» ጥያቄ አይደለም። በአንድ ማእከል ያሉ የእጅ ጽሑፎች በማን ተገለበጡ፣ ማን ወቀፋቸው፣ በኅዳጋቸው ምን ተጻፈ የሚለው ግን ጥያቄ ነው። በዚህ ረገድ የቀደሙት ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ (አላህ ይዘንላቸው) አርአያ ናቸው። የዶክትሬት ጥናታቸውን በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ በ1985 እ.ኤ.አ. ጨርሰው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ፤ በ2001 በላይደን የታተመው ስለ አሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የወሎ እስልምና የጻፉት መጽሐፍ የአገር ውስጥ የዐረብኛ ጽሑፎችን፣ የቃል ታሪክንና የመዛግብት ማስረጃን አጣምሮ የያዘ ነው። አንድ ደረሳ በደንብ ቢደገፍ በተመሳሳይ መንገድ ሊሄድ እንደሚችል ያሳየናል።

አራተኛ፣ ከማታለል መጠበቅ ነው። እውነተኛ ድጎማ ገንዘብ ይሰጣል እንጂ ተማሪውን «ቦታህን ለማስያዝ ክፈል» አይለውም። የማመልከቻ ክፍያ የሚጠይቁ ዩኒቨርሲቲዎች ቢኖሩም ክፍያው የሚፈጸመው ለተቋሙ በይፋዊ መንገድ እንጂ በደላላ እጅ አይደለም።

ከእኛ የሚጠበቀው

የመጨረሻው ቃሌ ለሚያቀሩ ሸይኾች፣ ለመድረሳ መምህራንና ለኢማሞች ነው። ኮሚቴዎቹ ሁለት ወይም ሦስት የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቃሉ። ይህ ለእኛ አዲስ ነገር መሆን አልነበረበትም፤ የጀርሕና የተዕዲል ዒልም ወራሾች ነን። የሐዲስ ዑለማዎች ስለ አንድ አስተላላፊ ሲናገሩ «ጥሩ ሰው ነው» ብለው አላለፉም፤ ትውስታው፣ ትክክለኛነቱ፣ ከማን ምን እንደሰማ፣ በስንት ዓመቱ እንደ ተሳሳተ ለይተው መዝግበዋል። እኛ ግን «ጨዋና ታታሪ ተማሪ ነው» የሚል ወረቀት እንሰጣለን። ይህ ተዝኪያ አይባልም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እለምናለሁ። እያንዳንዱ የሚያቀሩ ሸይኽ፣ ደረሳው አንድ ኪታብ ሲጨርስ የኪታቡን ስም፣ የጀመረበትንና የጨረሰበትን ቀን፣ ከየትኛው ባብ እስከ የትኛው እንደቀራ ጽፈው ይፈርሙ። መጻፍ ያስቸገራቸው እንደሆነ ሌላ ደረሳ ይጻፍላቸውና ያጽድቁት። ኢማሞች በመስጊዳቸው የዚህን መዝገብ ግልባጭ ይያዙ፤ ሸይኹ ሲሞቱ ማስረጃው አብሮ እንዳይቀበር። ዩኒቨርሲቲ ያለን መምህራን ደግሞ እነዚህን ወረቀቶች ተርጉመን፣ በዚያ ዓለም ምን ያህል ሥራ እንደሚመዝኑ አብራርተን እንጻፍ፤ ሚንሃጅን ከሸይኽ ቀርቶ መጨረስ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ የአውሮፓ ኮሚቴ ካልነገርነው አያውቅም።

መደምደሚያ

የጽሑፎቻችን ምርምር ተጀምሯል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የዐረብኛ ጽሑፎች ካታሎግ ወጥቶላቸዋል፤ ሌሎችም በየአገሩ እየተመዘገቡ ነው። ሥራው የሚሠራው ለእርሱ በተመደበ ገንዘብ ነው፤ መቀመጫዎቹም በአንድ ሰው ወይም በሌላ መሞላታቸው አይቀርም። እነዚያን ጽሑፎች ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያነብ ደረሳ በር ላይ የሚቀረው በችሎታ ማነስ ከሆነ ፍርዱን እንቀበላለን። የሚቀረው እኛ አንድ ወረቀት መጻፍ ስላቃተን ከሆነ ግን ተጠያቂዎቹ እኛው ነን።

በመግቢያው የጠቀስኩት ወጣት አሁን በአንድ የክልል ከተማ ያስተምራል። በሕይወት ያሉት ሸይኹ ዘንድ ተመልሶ ሄዶ፣ ከፊታቸው ተቀምጦ፣ የቀራቸውን ኪታቦች አንድ በአንድ አስታውሶ አስጽፏል። ሸይኹ መጀመሪያ ገርሟቸው እንደነበር ነግሮኛል፤ ከፈረሙ በኋላ ግን ለቀሩት ደረሶቻቸውም እንዲጻፍላቸው አዝዘዋል። ዘንድሮ እንደገና አመልክቷል። አላህ ይወፍቀው፤ ለእኛም የዘነጋነውን አማና የምንወጣበትን ብርታት ይስጠን።